የ9ኛ ክፍል ልጄ ድርሰት ለመጻፍ ከምን ይጀምር?

የቱሉ ዲምቱ ወላጅ፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ምክራችሁን የምሻው ስለ ልጄ ነው። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባ ሲሆን ሳሪስ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ይማራል። በንባብ አይታማም፤ ያነበበውን ሲጠይቁትም አሳምሮ ይመልሳል። ይሁን እንጂ «ስለዚህ ጉዳይ ድርሰት ጻፍ» ሲባል ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ ይቀራል፤ ሲጽፍም የሚጽፈው ማንም ሰው ስለ ማንኛውም ነገር ሊጽፈው የሚችለውን ነው። የአማርኛ መምህሩ ደብተሩ ላይ «ሐሳብህ አልተደራጀም» ብለው ጽፈዋል፤ የእንግሊዝኛ መምህርቱ ደግሞ ገጹን በቀይ አስምረው ውጤት ሰጥተውታል። ሁለቱም ሳያጠፉ አይቀርም የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ነገር ግን ልጁ ከአስተያየታቸው ተነሥቶ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት አልተረዳም።

እኔ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ድርሰት ሲባል «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» ብለን በቃል ከያዝነው ያለፈ የማስታውሰው የለኝም። እናም መሠረቱን ለመያዝ ከምን ይጀምር? በአማርኛ ይለማመድ ወይስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በዚያው ይግፋበት? አስጠኚ ልቅጠርለት ወይስ ቤት ውስጥ እኔው ላግዘው የምችለው ነገር ይኖራል?

ጠመኔ ያዥ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ።

«ሐሳብህ አልተደራጀም» የሚለው አስተያየት በእኛ በመምህራን ዘንድ የተለመደ ነው፤ አምሳ ስልሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል፣ ያውም ከአንድ ክፍል በላይ፣ የሚያርም ሰው ከዚህ የረዘመ ነገር ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም። ችግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከመደራጀቱ በፊት ነው፤ የሚደራጅ ሐሳብ ከመነሻውም አልነበረም። ተማሪው «ውሃ»፣ «ወጣትነት»፣ «የትምህርት ጥቅም» የሚል ርእስ ይሰጠዋል። ስለ ውሃ ሊባል የሚችለው ነገር ማለቂያ ስለሌለው፣ የቱን አንሥቶ የቱን እንደሚተው የሚመራው ነገር ያጣና ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ይደረድራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ርእሱን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው፤ ጥያቄውም ሁለት ሰዎች የተለያየ መልስ ሊሰጡበት የሚችሉት ዓይነት መሆን አለበት። «ውሃ ይጠቅማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። «በኮንዶሚኒየም ሰፈራችን ውሃ በተራ ሲለቀቅ ይበልጥ የሚቸገረው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን አዛውንትና ምድር ላይ ሻይ ቤት የከፈተችውን ሴት ማነጻጸር ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፈው። ያ ዓረፍተ ነገር የድርሰቱ ዐቢይ ሐሳብ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍ ካለው ድርሰቱን ለመጀመር ጊዜው አልደረሰም።

ቀጥሎ የሚመጣው ቢጋር፣ ማለትም ከመጻፍ በፊት የሚወጣው የድርሰቱ ንድፍ ነው። ቢጋር አውጡ ስላቸው አብዛኞቹ ተማሪዎቼ «ሀ. መግቢያ፣ ለ. ሐተታ፣ ሐ. መደምደሚያ» ብለው ጽፈው ያስረክቡኛል። ይህ የማንኛውም ድርሰት ቅርጽ ነው፤ የያዙት ድርሰት ምን እንደሚል ግን አንዳች አይናገርም። በቢጋሩ ላይ መስፈር ያለበት እያንዳንዱ አንቀጽ የሚለው ነገር ነው፣ ያውም በሙሉ ዓረፍተ ነገር። ለ9ኛ ክፍል ሦስት ወይም አራት መስመር ይበቃል፤ መስመሮቹም ኋላ የየአንቀጹ ኃይለ ቃል፣ ማለትም ዋናውን ሐሳብ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ።

ጊዜ ማጥፋት የሚገባው አንቀጹ ላይ ነው። እንደ እኔ እምነት አንድ አንቀጽ በወጉ መጻፍ ያልቻለን ተማሪ ሙሉ ድርሰት እንዲጽፍ ማዘዝ ከቅጣት አይለይም፤ እኔ ብሆን ልጁን እስከ ገና ድረስ አንቀጽ ብቻ አጽፈው ነበር። አንድ ኃይለ ቃል፣ ከዚያ እሱን የሚያብራሩ አራት አምስት ዝርዝር ዓረፍተ ነገሮች። ጽፎ ሲጨርስ ኃይለ ቃሉን በሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይገልብጠውና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከእሱ ጋር እያስተያየ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ኃይለ ቃሉን የማያግዝ ዓረፍተ ነገር ምንም ያህል ቢያምር ይሰረዛል። ይህን ደግሞ እርስዎም አጠገቡ ተቀምጠው ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የሰዋስው ሊቅ መሆን አያስፈልግዎትም፣ «ይህች ዓረፍተ ነገር እዚህ ምን ትሠራለች?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ስለ ድርሰት ዓይነቶች፣ ማለትም ተራኪ፣ ሥዕላዊ፣ ገላጭና አመዛዛኝ ስለሚባሉት፣ ስማቸውን በቃል ማጥናቱ ብዙ አያሳስባችሁ። ይልቅ ልጁ ትእዛዙ ውስጥ ያለውን ግስ ያስምርበት። «ግለጽ» የተባለውንና «አመዛዝን» የተባለውን በአንድ መልክ ጽፎ የሚመጣ ተማሪ እጅግ ብዙ ነው። መግቢያውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ይጻፈው፤ ምን እንደሚያስገባ ሳያውቅ በሩን ለመክፈት ሲታገል ነው ጊዜው የሚያልቀው።

የሒሳብ ሰው፦

ለመምህሩ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየሄዱ ሲፈተኑም የተለወጠው ቦታው ነው፤ ዛሬም መልስ መምረጥ እንጂ ድርሰት የለበትም። ያኔ በመጀመሪያው ዙር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ወላጅ ገንዘቡንም ሆነ የልጁን ጊዜ ማዋል ያለበት ነጥብ በሚያመጣው ላይ ነው ባይ ነኝ።

የማታ ተማሪ፦

የሒሳብ ሰው ያነሡት ሐቅ ነው፤ ልጆቻችን የማይጽፉት የማይፈተኑበት ስለሆነ ነው። ችግሩ ፈተናውን አልፈው ከገቡ በኋላ ይመጣል። እኔ ቀን ቦሌ አራብሳ አካባቢ እየሠራሁ ማታ የምማር ተማሪ ነኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከተሰጡን የቤት ሥራዎች መካከል በምርጫ የሚመለስ አንድም አልነበረም፤ «አብራራ»፣ «ተወያይበት»፣ «ሪፖርት አዘጋጅ» የሚሉ ነበሩ። የክፍል ጓደኞቼ ትምህርቱን እያወቁት ሁለት ገጽ መሙላት አቅቷቸው ከኢንተርኔት እየገለበጡ ያስገቡ ነበር።

ወደ ውጭ አገር ለመማር የሚያስብ ካለም አንድ ነገር ልጨምር። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ የጽሑፍ ፈተናው 60 ደቂቃ ሲሆን ሁለት ጽሑፍ ይጠይቃል፤ አንደኛው ከ150፣ ሁለተኛው ከ250 ቃላት ማነስ የለበትም። የሚታረመው እኩል ክብደት ባላቸው አራት መለኪያዎች ነው። ከአራቱ ሁለቱ ማለትም የቃላት ሀብትና ሰዋስው ስለ ቋንቋው ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ጥያቄውን በትክክል መመለስና ሐሳቡን አያይዞ ማስኬድ ናቸው። መምህሩ ስለ ጥያቄና ስለ አንቀጽ የነገሩን የውጤቱ ግማሽ ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ በአማርኛም ሊሠለጥኑበት የሚቻል ነው።

የሒሳብ ሰው፦

ይህን አላየሁትም ነበር። ቢሆንም ከ9ኛ ክፍል መጀመር አለበት በሚለው አልስማማም፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና እስኪያልፍ ይቆይ።

ቀይ እስክሪብቶ፦

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ስሜን እንደምታዩት በቀይ ከሚያሰምሩት ወገን ነኝ። ወላጁ «በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?» ብለው ለጠየቁት ብዙ ባልደረቦቼ ከማይቀበሉት ሐሳብ ተነሥቼ ልመልስ። ልጁ ጥያቄውንና ቢጋሩን በአማርኛ ቢያዘጋጅ ምንም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በማይቀናው ቋንቋ ማሰብና መጻፍን በአንድ ጊዜ ስንጭንበት ነው ሁለቱም የሚወድቁበት። ድርሰቱን በአማርኛ ጽፎ ጨርሶ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱን ግን አጥብቄ እከለክላለሁ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ በ«ስለሆነ»፣ በ«ሲሆን»፣ በ«የሚል» ሐሳብ በሐሳብ ላይ እየደራረበ አንድ ገጽ የሚያህል ዓረፍተ ነገር ሊሸከም ይችላል። ያንኑ በእንግሊዝኛ ሊያስኬደው የሞከረ ልጅ ባለቤቱንና ግሱን አጠፋፍቶ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቢጋሩ በአማርኛ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ፣ ያውም አጭር፤ አንድ ባለቤት፣ አንድ ግስ፣ አንድ ሐሳብ። የማያያዙ ነገር በኋላ ይደረስበታል።

እርማትን በተመለከተ ለወላጆች የምለው አለኝ። ገጹ ሁሉ ቀልቶ ሲመለስለት ልጁ የሚማረው መጻፍ እንደማይችል ብቻ ነው። በአንድ ጽሑፍ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ መርጣችሁ ተከታተሉ፤ አንድ ሰሞን ጊዜ አመልካች ግሶችን ብቻ፣ ሌላ ሰሞን ሥርዓተ ነጥብን ብቻ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳደርግ ርእሰ መምህራን «ያልታረመ ስሕተት አለ» ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ፤ እኔ ግን የሚሻለው ይህ ነው ባይ ነኝ።

በቴሌግራም የሚዞሩትን የተዘጋጁ ድርሰቶችና በስልክ የሚጻፉትንም ማንሣት ያስፈልጋል። እኛ መምህራን አናውቅም ብሎ የሚያስብ ተማሪ ይገርመኛል። ትናንት ክፍል ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው ልጅ ዛሬ ነጠላ ሰረዝ ያልተሳተበት ሦስት ገጽ ሲያመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሁለተኛውን አንቀጽ በቃልህ ንገረኝ።» የራሱ የሆነ ድርሰት ቢደናቀፍም ይነገራል።

የቱሉ ዲምቱ ወላጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ልጄን አስፈቅጄ ሰሞኑን «ትራንስፖርት» በሚል ርእስ ከጻፈው የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዳለ አቀርባለሁ።

«እንደሚታወቀው ትራንስፖርት ለአንድ ሀገር ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ አለው። ትራንስፖርት ከሌለ ምንም ነገር መሥራት አይቻልም። በሀገራችን የትራንስፖርት ችግር አለ። ስለዚህ የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። በተጨማሪም ትራንስፖርት ከጥንት ጀምሮ በበቅሎና በፈረስ ይካሄድ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ተባብረን ችግሩን መፍታት አለብን።»

ጠመኔ ያዥ፦

ልጁ ስለ ድፍረቱ ይመስገን። ፊደሉም ሥርዓተ ነጥቡም ደህና ነው፤ በዚህ አንጻር ከብዙዎቹ ይሻላል።

እስቲ አብረን እንየው። «እንደሚታወቀው» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ ሁሉም የሚያውቀውን ሊነግረን መሆኑን ራሱ እየመሰከረ ነው። በአንቀጹ ውስጥ «ስለዚህ» ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ሆኖም ከሁለቱም በፊት ምክንያት አልቀረበም። ችግር «አለ» ተባለ እንጂ ምን እንደሚመስል፣ ማንን እንደሚጎዳ አልተነገረም፤ ስለዚህም ትኩረት ይሰጠው የሚለው ጥሪ መቆሚያ የለውም። «በተጨማሪም» ከእሱ በፊት ባለው ላይ የሚጨምር ቃል ነው፤ እዚህ ግን የመጣው በቅሎው ነው፣ በቅሎውም የሌላ ድርሰት በቅሎ ነው። አያያዥ ቃላት በራሳቸው ሐሳብን አያያይዙም፤ የተያያዘውን ያሳያሉ እንጂ። «የሚመለከተው አካል» የሚለውንም ይጠንቀቅበት፤ ከዜናና ከስብሰባ የመጣ ልማድ ነው፣ ማንን እንደሆነ ካላወቀ ባያነሣው ይሻላል።

አሁን የማሳስብዎት ይህን እንዲያርመው አይደለም። ወረቀቱን ወደ ጎን ያድርጉትና ከትምህርት ቤት ወደ ቤት እንዴት እንደሚመለስ ይጠይቁት። የት ይሳፈራል? የት ይወርዳል? የሚያናድደው ምኑ ነው? መልሱን እሱ እየተናገረ እርስዎ ይጻፉለት።

የቱሉ ዲምቱ ወላጅ፦

እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ይህን ያህል የሚናገረው ነገር ያለው አልመሰለኝም ነበር። ከተናገረው ላይ ራሱ የጻፈው የሚከተለው ነው።

«ከሳሪስ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንመለስ የምንቸገረው ታክሲ ጠፍቶ ሳይሆን ታክሲዎቹ መንገዱን እየቆራረጡ ስለሚጭኑ ነው። ከሳሪስ ስንሳፈር ረዳቱ እስከ ቃሊቲ ብቻ ነው ይላል። ቃሊቲ ወርደን ሰልፍ እንይዛለን። አንዳንድ ቀን ያው ያወረደን ታክሲ ዞሮ መጥቶ ቱሉ ዲምቱ እያለ ይጠራል። ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ እንከፍላለን፣ ሁለት ጊዜም እንሰለፋለን። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሰፈራችን ይነሣል። ተራ አስከባሪዎቹ ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ።»

ስለ ፍጥነት መንገዱ የጻፈው ይቆይ ወይስ ይውጣ በሚለው አልተስማማንም። እሱ ሰፈራችንን የሚያሳውቅ ትልቅ ነገር ስለሆነ አይወጣም ብሏል።

ጠመኔ ያዥ፦

ይህ አንቀጽ ነው! የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ታክሲ የለም» ለሚል ሰው መልስ ስለሚሰጥ የሚያከራክር ሐሳብ ይዟል፤ ተከታዮቹ ደግሞ ያንኑ ያስረዳሉ። ዞሮ የመጣውን ታክሲ ማንም አስጠኚ ሊሰጠው አይችልም ነበር።

የፍጥነት መንገዱ ይውጣ። እውነት መሆኑ አይበቃውም፤ ኃይለ ቃሉ የሚናገረው ስለ መንገድ መቆራረጥ ስለሆነ፣ ክፍያ ከፍሎ ወደ አዳማ የሚሄደው መኪና የልጁን ጉዳይ አይነካውም። ካልወጣ ካለ ሥራ ይሰጠው፤ «ትልቁ መንገድ ሰፈሩ ላይ እያለ ነዋሪው ከከተማው ጋር የሚያገናኘው ተራ ታክሲ ብቻ ነው» የሚል ሌላ አንቀጽ ይክፈትለት፣ ከዚያ እውነት ይህ መሆኑን ያጣራ። የተራ አስከባሪዎቹ ነገር በተቃራኒው ሊሰፋ ይገባዋል። ለምን ዝም ይላሉ? እዚያ ላይ ለሁለተኛው አንቀጽ የሚሆን ጥያቄ ተቀምጧል።

እናት ከየካ አባዶ፦

ውይይቱን በጽሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። 7ኛ ክፍል ያለችው ልጄ «ሀ»ን ወይም «ሐ»ን፣ «ሰ»ን ወይም «ሠ»ን ስታቀያይር ውጤት ይቀነስባታል፤ አሁን አሁን ፊደል እየፈራች የምትጽፈውን ዓረፍተ ነገር ታሳጥራለች። ይህ ተገቢ ነው? ደግሞ የሚነበብ ነገር የት እንደምንወስዳት ብትጠቁሙኝ።

ጠመኔ ያዥ፦

እህቴ፣ መምህራን በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። እኔ የምጠይቀው አንድን ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ዓይነት ፊደል እንድትጽፈው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ግን ስለ ፊደል ጨርሶ እንዳታስብ ይንገሯት፤ ያ የመጨረሻው ንባብ ሥራ ነው። ለንባብ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መልካም ነው። ከየካ አባዶ ሩቅ መሆኑ ይገባኛል፤ በየሳምንቱ መሄዱ ቢያስቸግር የትምህርት ቤቷን ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ የያዙትን ሰው ተወዳጁ። በእኛ ዳር ዳር ሰፈሮች መጽሐፉ ኖሮም በሩ ስለሚዘጋ የማይነበብበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቱሉ ዲምቱ ወላጅ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ። ለሚቀጥለው ሳምንት የተሰጠው የእንግሊዝኛ ድርሰት «ተማሪዎች ስልክ ይዘው ትምህርት ቤት ይግቡ ወይስ አይግቡ» የሚል ነው። እሱ «ይግቡ» ባይ ነው፤ ምክንያቶቹንም በአማርኛ ደርድሯል። የሌላውን ወገን ሐሳብ ማንሣት ነጥብ ያሳጣኛል ብሎ ትቶታል።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ነጥብ የሚያሳጣው መተዉ ነው። መምህርቱ ድርሰቱን ሲያነቡ «ታዲያ ክፍል ውስጥ ጨዋታ ቢከፍቱበትስ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ልጁ ያን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት ካላነሣው መልስ የሌለው ይመስላል። ከምክንያቶቹ ቀጥሎ አንድ አንቀጽ ለተቃራኒው ወገን ይስጥ። ሐሳባቸውንም እነሱ ራሳቸው ቢናገሩት እንደሚሉት አድርጎ ያቅርበው፣ ለማፍረስ እንዲመቸው አያድክመው። ከዚያ ወይ ስሕተቱን ያሳይ፣ ወይ እውነትነቱን ተቀብሎ የራሱን አቋም ያጥብበው፤ ለምሳሌ «ይግቡ፣ ነገር ግን በክፍለ ጊዜ ተዘግተው ቦርሳ ውስጥ ይቀመጡ» ሊል ይችላል። ቃሊቲ ወርዶ ሁለተኛ ሰልፍ ሲይዝ ለቤተሰቡ የሚደውለው በምን እንደሆነም ይጠየቅ፤ ለ«ይግቡ» ወገን ከደረደራቸው ምክንያቶች ሁሉ ይህኛው ሳይበልጥ አይቀርም። ቢጋሩን ሲጨርስ እዚሁ ይለጥፍልን፤ እንግሊዝኛውን ሳይጀምር አየዋለሁ።